ስም የሌለው ዱቄት አይሸጥ!

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው፣ መኪናው ሐይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ቆም ሲል ይህን ጥሪ ሳይሰማ አይቀርም። «ቦርጭ ያጠፋል! የኮሶ ትል ያወጣል! ስኳር ያስተካክላል! ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ!» ሻጩ በአንድ እጁ የድምፅ ማጉያ፣ በሌላው እጁ በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት ይዟል። ምን ቅጠል እንደሆነ ሲጠየቅ «የባህል መድኃኒት ነው» ይላል፤ በቃ። ለመሆኑ «የባህል» የሚለው ቃል ከመቼ ወዲህ ነው የቅጠል ስም የሆነው?

እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለው ሽያጭ በሕግ ተከልክሎ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ይህን ስል ግን የባህል ሕክምና ጠላት ተደርጌ እንዳልታይ አደራ!

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ቬሎው እንዲሆናት ብላ ይህንኑ ዱቄት ጀመረች። አሥር ቀን ያህል እንደወሰደች ማስመለስና ተቅማጥ ያዛት፤ በመጨረሻም ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ጠጣች?» ብሎ ነው። እህቷ ሮጣ ፌስታሉን አመጣች። እሱ ፌስታሉን አየው፣ ገለበጠው፤ ምን ያነባል? አንድም ፊደል የለበትም። እናቴ በኋላ አሽታው «ኮሶ አለበት» አለች፤ ከኮሶው ጋር የተቀላቀለውን ግን እሷም አላወቀችውም። ልጅቷ ተርፋለች፤ ሰርጉ ወደ ሚያዝያ ተገፋ። ሻጩን ለመፈለግ የወጡት ወንድሞቿ ግን እስካሁን አላገኙትም።

እናቴ የጠረጠረችው ኮሶ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት ነበር፤ አበባው ተወቅጦ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ፣ አንድ ጊዜ። የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይጠበቅበትም። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ኃይለኛነቱን ስለሚያውቁ ለቅጣትም አውለውታል። የእቴጌ መነን ሹም የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ደጃች ካሣን (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስን) «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ፎክረው ኖሮ፣ ካሣ ድል አድርገው ሲማርኳቸው ኮሶ አቀረቡላቸው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው ስለተጎዳባቸው ሰዎች በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እንግዲህ ለትል በሁለት ወር አንዴ የሚጠጣው ነገር ለቦርጭ በቀን ሁለት ማንኪያ ሲሆን አስቡት።

ይህን የመሰለ ነገር በአሜሪካም ደርሷል። ኤፌድራ የተባለውን ተክል ቻይናውያን «ማ ሁዋንግ» ብለው ለሳልና ለአስም ከጥንት ጀምሮ በልክ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከካፌይን ጋር እየተቀላቀለ የክብደት መቀነሻ እንክብል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚሸጥ ነገር አደገኛ መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም የጫነው በመንግሥት ላይ ስለነበር፣ ክልከላው እስኪመጣ ብዙ ሰው ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ስቲቭ ቤክለር የተባለ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ ሙቀት መትቶት ሞተ፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ኤፌድራ ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳለው ተናገረ። እገዳው በሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2004 ነው። ነጋዴዎቹስ? ኤፌድራውን አውጥተው መራራ ብርቱካን የሚባል ሌላ የሚያነቃቃ ተክል ጨመሩና «ከኤፌድራ ነፃ» ብለው መሸጣቸውን ቀጠሉ። አይ ነጋዴ!

ለዚህ ነው እኔ «ኮሶ ይታገድ» የማልለው። ዛሬ ኮሶ ቢታገድ ነገ እንቆቆ ወይም ሌላ ነገር ተፈጭቶ በዚያው ፌስታል ይመጣል። መታገድ ያለበት ስም የሌለው ዱቄት ነው። የሚበላ ወይም የሚጠጣ ቅጠል ፈጭቶ የሚሸጥ ሰው የቅጠሉን ስም፣ ልኩን፣ ማን መውሰድ እንደሌለበትና የራሱን አድራሻ ካልጻፈ አይሽጥ። አዲስ ሕግም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ደህንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። እኛ ዘንድ ሸክሙ እንደ አሜሪካ በመንግሥት ላይ ሳይሆን በሻጩ ላይ ነው ማለት ነው። የጎደለው መናኸሪያ ድረስ ወርዶ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ተቆጣጣሪ ነው።

«ድሃው የት ይሂድ? ሁሉም እኮ ሐኪም ቤት አይደርስም» የሚሉ አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በአምባሰል ደጋ ያለው መድኃኒት አዋቂ ቤቱ ይታወቃል፤ የታመመው ሰው ቢብስበት ዘመዶቹ ደጁ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ እሱም ሲሰጥ ይጠነቀቃል፣ ዕድሜ ይጠይቃል፣ እርግዝና ይጠይቃል። የመናኸሪያው ሰውዬ ግን ማታ መርሳ ነው ያለው። ለኮሶ ትል ደግሞ ልኩ የታወቀ፣ አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ድሃ ስለሆነ ስሙን የማያውቀውን ነገር ይጠጣ ማለት ለድሃው ማሰብ አይመስለኝም።

እኛንም የሚመለከት ነገር አለ። ይኸው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙ ተወራ፤ የዱቄቱ ማስታወቂያ ግን በቴሌግራምና በቲክቶክ እንደልቡ ይፈሳል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቻችንም ሻጩን እንግዳ አድርገው ጋብዘው፣ «ባህላዊ ሐኪም» ብለው አስተዋውቀው፣ ስልክ ቁጥሩን አስነግረው ይሸኙታል። የመጀመሪያ ዓመት ላይ «ምን» ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል አይደል? ቅጠሉ ምንድን ነው? ስንት ግራም ነው? ማን መርምሮት ያውቃል? ለእነዚህ መልስ የሌለው እንግዳ ማይክ ባይሰጠው ፕሮግራሙ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም።