ያልተነፋ ፊሽካም ፍርድ ነው

ቅርጫት ኳስ ሰው ከሰው ሳይነካካ የሚጫወተው ጨዋታ ነው ብሎ የሚያምን ተመልካች ብዙ ነው። ሜዳው ግን ለዚህ አይበቃም። ርዝመቱ 28 ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሜትር ነው፤ አንዱ ቡድን ሲያጠቃ ደግሞ አሥሩም ተጫዋቾች በግማሹ ላይ ይከማቻሉ። ኳሱ ወደ ቅርጫቱ ሲጠጋ ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ አንዲት ክፍል በምታህል ቦታ ላይ ይተራመሳሉ። ትከሻ ከትከሻ ይጋጫል፣ ክንድ ወገብ ላይ ያርፋል፣ ጉልበት ከጉልበት ይላተማል። ለእያንዳንዱ ንክኪ ፊሽካ ቢነፋ ጨዋታ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ የዳኛ ሥራ ንክኪን ማደን ሳይሆን ከንክኪው በኋላ ምን እንደተለወጠ ማየት ነው። እስከዚህ ድረስ ከማንም ዳኛ ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ከዚሁ ሐሳብ ተነስተው “ተዋቸው፣ ይጫወቱ” ወደሚለው ብሂል ከሚሻገሩት ጋር ነው።

ስለ ንክኪ ያለው ጭንቀት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ዲሴምበር ላይ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ውስጥ ይህን ጨዋታ ሲፈጥር ይፈልግ የነበረው ተማሪዎቹ በቀዝቃዛው ወራት አዳራሽ ውስጥ ሳይጎዳዱ የሚጫወቱትን ነገር ነበር። ማኅበሩ እኛ ወወክማ የምንለው፣ በአዲስ አበባም ለብዙ ወጣት ይህን ኳስ ያስያዘው ነው። ኔይስሚዝ ግቡን ከራስ በላይ የሰቀለው ኳሱ በጉልበት ሳይሆን ከፍ ተደርጎ፣ በልክ ተመጥኖ እንዲወረወር ነው። ከጻፋቸው 13 ደንቦች አምስተኛው በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መገፍተርን፣ መጥለፍንና መምታትን ይከለክላል። ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ ተጫዋች የሚቀጥለው ግብ እስኪቆጠር ከሜዳ ይወጣል፤ አንድ ቡድን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካጠፋ ለተቃራኒው ቡድን ግብ ይቆጠርለታል። ቅጣቱ ከዛሬው የከበደ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የዳኞቹ ድልድል ነው፤ አንዱ ኳሱን እንዲያይ፣ ሌላው ሰዎቹን እንዲያይ ተደረገ። ኔይስሚዝ ጨዋታው ገና ሲጀመር ኳስ ላይ የተተከለ ዓይን ሰውን እንደማያይ ገብቶት ነበር። ዛሬም ደካማ ዳኛ የሚለየው በዚሁ ነው። ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ የተከላካዩን እጅና እግር አያይም፤ ተጫዋቹ ወድቆ ሲያገኘው ብቻ የሆነውን መገመት ይጀምራል።

አሁን ያለው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ ደንብ ለዳኛው የሰጠው መለኪያ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበት ቦታና ከበላዩ ያለው አየር የእሱ ነው፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰ መብት አለው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የዘለለ ተከላካይ ስለተጋጩት ብቻ አጥፊ አይባልም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የጥቅምና የጉዳት ጥያቄ ነው። ለነካው ጥቅም ያላስገኘ፣ የተነካውንም ያልበደለ ድንገተኛ ንክኪ ጨዋታውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በአሜሪካ የደንቡ አዘጋጅ ሆኖ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኦስዋልድ ታወር ስሙ የሚነሳበት አስተሳሰብም ይኸው ነው። የአሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ዳኞች ደግሞ ነገሩን በአራት ጥያቄ ይፈትሹታል፤ የተጫዋቹ የእርምጃ ምት ተበላሸ ወይ? ፍጥነቱ ቀነሰ ወይ? ሚዛኑ ተናጋ ወይ? ቅልጥፍናው ተገታ ወይ?

መለኪያው ልክ ነው። ችግሩ ጉዳትን የምንፈልገው በዚያችው ቅጽበት ብቻ መሆኑ ነው።

ቅዳሜና እሁድ የታዳጊዎችን ጨዋታ እዳኛለሁ፤ ፊሽካ በማልይዝበት ቀንም ዳር ቆሜ አያለሁ። አንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ያየኋት ልጅ አትረሳኝም። ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳስ አሻግራ ጨዋታ የምታደራጅ ናት። በቁመት ከሁሉም ታንሳለች፣ በፍጥነት ግን የሚደርስባት አልነበረም። በመጀመሪያው ሩብ በግራ በኩል ሰንጥቃ ስትገባ ተከላካይዋ በዳሌዋ ገፋ አደረገቻት። ግፊያዋ ትንሽ ናት። ልጅቷ አልወደቀችም፣ ኳሱም አልጠፋባትም፤ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ጎን ተንሸራትታ ለጓደኛዋ አቀበለች። ዳኛው አልነፋም፤ ቢጠየቅም መልስ ነበረው። ኳሱ አልጠፋም፣ ልጅቷም አልወደቀችም። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ፣ ሦስተኛም። አራተኛው ሩብ ሲደርስ ልጅቷ ወደ ግራ መሄድ ትታለች። ኳሱን መሃል ሜዳ አሻግራ ወዲያው ታቀብላለች፣ ከዚያም ጥጓን ይዛ ትቆማለች። በጨዋታው መዝገብ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ፋውል የለም፣ የጠፋ ኳስ የለም። ቡድኑ ግን ዋና አጥቂውን አጥቷል።

ይህ ጉዳት አይደለም የሚለኝ ዳኛ ካለ ደንቡን ደግሞ እንዲያነብ እጋብዘዋለሁ። ተቃራኒን ደጋግሞ በእጅ መንካት፣ መጎንተል፣ እያንዳንዱ ንክኪ ቀላል ቢሆንም እንኳ ፋውል መሆኑን ፊባ ለይቶ አስቀምጧል፤ ምክንያቱንም ይሰጣል። ነገሩ ወደ ሻካራ ጨዋታ ስለሚወስድ ነው። ደንቡ ራሱ ንክኪ እየተጠራቀመ እንደሚሄድ ያውቃል። አንዷን ንክኪ ብቻዋን አውጥቶ የሚመዝን ዳኛ ይህን ይስታል።

ጉዳዩ የልጆች ብቻ አይደለም። በ2004 ዲትሮይት ፒስተንስ በጠንካራ መከላከሉ የኤንቢኤ ሻምፒዮን ሲሆን የሊጉ ጨዋታ እጅግ ከብዶ፣ ነጥብም ወርዶ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሊጉ ኳስ ይዞ ከቅርጫቱ ርቆ የሚጫወትን አጥቂ በእጅ መግታትን በጥብቅ ማስቀጣት ጀመረ። በ2003-04 አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 93.4 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት 97.2 ደረሰ። በ2005 እና በ2006 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ስቲቭ ናሽ ነው፤ ለዚህ የቡድኑ የፊኒክስ ፈጣን አጨዋወት ድርሻ ቢኖረውም፣ ወገቡን የሚይዘው እጅ መነሳቱ ግን ከዚያ ያነሰ ድርሻ አልነበረውም ባይ ነኝ። የተጫዋቾቹ ችሎታ በአንድ ክረምት አልተለወጠም። የተለወጠው ዳኞች ዝም የሚሉበት ልክ ነው።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም መናገር አለብኝ፤ ፊሽካ ይብዛ እያልኩ አይደለምና። በኤንቢኤ አጥቂዎች ለመወርወር ሳይሆን ፋውል ለማግኘት ሲሉ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እየዘለሉ ተከላካዩ ላይ መለጠፍን ሙያ አድርገውት ነበር። ሊጉ ከ2021-22 ጀምሮ ይህን አቆመ። ንክኪው አለ፤ የፈጠረው ግን አጥቂው ነው። ሪባውንድ ላይም፣ ስቶ የተመለሰ ኳስ ሲያዝ፣ ተመልካቹ “ከኋላው ወጣበት!” ብሎ ይጮኻል፤ ረጅሙ ተጫዋች ሳይገፋ፣ ከአጭሩ ራስ በላይ እጁን ዘርግቶ ኳሱን ካወረደ ግን ጥፋት የለም። ስክሪን የሠራው፣ ማለትም ለጓደኛው ተከላካዩን በአካሉ የጋረደው፣ ተጫዋች ቢንቀሳቀስም ማንንም ካልነካ የሚነፋ ነገር የለም።

ወደ ዝምታው ልመለስ። ጥሩ ዳኛ ፊሽካውን ትንሽ ያዘገያል ይባላል፤ እውነት ነው። እንቅስቃሴው ሲጀመር፣ ሲያድግና ሲያልቅ አይቶ መፍረድ ከጥድፊያ ይሻላል። ነገር ግን ብዙ ዳኛ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሚጠብቀው የተሳሳተ ነገር ነው። የሚጠብቀው ኳሱ ቅርጫት ውስጥ መግባቱን ነው። ከገባ ይተወዋል፣ ካልገባ ይነፋል። ይህ ትዕግሥት ሳይሆን ፍርዱን ለኳሱ ማስረከብ ነው። ክንዱን የተመታ ተጫዋች በችሎታው ወይም በዕድል ቢያስቆጥር በደሉ አልተሰረዘም፤ ደንቡም ነጥቡን ቆጥሮ አንድ ነፃ ውርወራ የጨመረለት ለዚህ ነው። በአንጻሩ ትንሽ ተነክቶ፣ ምንም ሳይሆን የሳተ ተጫዋች ስለሳተ ብቻ ሁለት ነፃ ውርወራ ሊያገኝ አይገባም። ዓይን መከተል ያለበት አካልን ነው፤ ትከሻው ዞረ ወይ? የሚወረውረው እጅ ከመንገዱ ወጣ ወይ? እግሩ ያሰበው ቦታ አረፈ ወይ? የእነዚህ መልስ ከኳሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ጭራሽ መጠበቅ የሌለበት ቦታም አለ። አየር ላይ ያለ ሰው ራሱን መከላከል አይችልም። በሜይ 2017 በኤንቢኤ የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ካዋይ ሌናርድ ወርውሮ ሲወርድ የጎልደን ስቴቱ ዛዛ ፓቹሊያ እግሩን ማረፊያው ላይ አስገባ፤ የሌናርድ ቁርጭምጭሚት ታጠፈ። የሌናርድ ቡድን ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በ23 ነጥብ እየመራ ነበር፤ ሌናርድ ከወጣ በኋላ 113 ለ111 ተሸነፈ፤ እሱም በቀሩት የምድቡ ፍጻሜ ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ከዚያ በኋላ ሊጉ የማረፊያ ቦታን መንጠቅ እንደ ከባድ ጥፋት ሊታይ እንዲችል አደረገ። የደንብ መሻሻል የሰው ቁርጭምጭሚት እስኪታጠፍ መጠበቁ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ዝምታው ማንን ይጠቅማል? “ተዋቸው፣ ይጫወቱ” የሚለው ሁሉን እኩል የሚያይ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ሁልጊዜ ለከባዱ፣ ለትልቁ፣ በጉልበት ለሚተማመነው ያደላል። ፈጣኑና ትንሹ ተጫዋች ያለው ሀብት ክፍት ቦታ ብቻ ነው፤ ያንን ሲነጠቅ ዳኛው ዝም ካለ ሌላ የሚታመንበት ነገር የለውም። የኤንቢኤ አስተዳደር ከ2015 ጀምሮ በሚያወጣው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ግምገማ በስህተት የተነፋውን ብቻ ሳይሆን መነፋት ሲገባው የታለፈውንም እንደ ስህተት ይመዘግባል። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። ዳኛ ባለመናገሩ ከኃላፊነት አያመልጥም ማለት ነው።

አድልዎ ስል ክፋት ማለቴ አይደለም። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2004 የነበሩ የኤንቢኤ ጨዋታዎችን መርምረው፣ ዳኞቹ በዘር ከተጫዋቹ ሲለዩ የሚነፉበት ፋውል እስከ 4 በመቶ እንደሚጨምር በ2010 አሳትመዋል። እነዚህ በዓለም ላይ በጥብቅ ከሚሠለጥኑትና ከሚገመገሙት ዳኞች መካከል ናቸው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የተገኘው ነው፤ ግኝቱ በ2007 በጋዜጣ ወጥቶ መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ በነበሩት ዓመታት ያ ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ። ያልታወቀ ዝንባሌ ሲነገር ይታረማል። ስለዚህ ዳኛ ዝምታው ወዴት እንደሚያዘነብል ሊነገረው ይገባል፤ ሲነገረውም መቆጣት የለበትም።

የእኛን ሜዳ ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። የታዳጊዎች ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ላይ ነው፤ የወደቀ ልጅ ክርኑና ጉልበቱ ይላጣል። ዳኞቹ ሁለት ናቸው፣ ተመልሶ የሚታይ ምስል የለም። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ አንዱ ጢም አውጥቶ ሌላው ገና ድምፁ አልጎረነነም። ለአዋቂ ባለሙያ ቀላል የሆነው ግፊያ ለዚህ ልጅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በታዳጊዎች ጨዋታ የመቻያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ ዳሌና ወገብ ላይ ባረፈች እጅ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሊነፋባት ይገባል፤ በሦስተኛው ሩብ ድንገት ትዝ ብሎን የምንነፋው ፋውል ለሁለቱም ቡድን ግፍ ነው።

የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ልጆቹ 5 ፋውል ሞልተው ይወጣሉ፤ አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ከ4 ፋውል ሲያልፍ ደግሞ ጨዋታው የነፃ ውርወራ ሰልፍ ይሆናል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ግን ከፊሽካ በፊት ድምፅ አለ። “እጅ! እጅህን አንሳ ወንድሜ!” “ቦታ ስጫት እህቴ!” የሚል ቃል በጊዜው ከወጣ ብዙ ፋውል ሳይፈጸም ይቀራል። ከጨዋታው በፊትም ሁለቱን አሠልጣኞች ጠርቶ ምን እንደሚነፋ መንገር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። አሠልጣኞቹ መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ አንዳንዱም ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ፋውል ከተመዘገበ በኋላ ግን ያው አሠልጣኝ ለልጆቹ “በእጅህ አትከላከል፣ እግርህን አንቀሳቅስ!” እያለ ሲጮኽ ይሰማል።