ፀሐይና የምንጠጣው ውሃ

የወንዝ ውሃ ጠርቶ ቢታይም ጀርም አያጣውም። ልጆቻችንን በተቅማጥ የሚነጥቀን እርሱ ነው። ማፍላት አስተማማኝ ነው። ማገዶ ሲያጥረንስ? ፀሐይ ትረዳናለች።

በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለ። በጀርሙ ውስጥ ደግሞ ዲኤንኤ የሚባል፣ እንደ ጽሑፍ የተደረደረ መመሪያ አለ። ጀርሙ የሚባዛው የዚህን ግልባጭ እያወጣ ነው። ጨረሩ ጎን ለጎን ያሉትን ፊደሎች ያጣብቃቸዋል። ፊደሉ የተጣበቀ ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም። ብዙው ጀርም መባዛት ያቅተዋል፤ ይሞታል።

እንግዲህ የጠራ ውሃ ቀለም በሌለው፣ ከ2 ሊትር በማይበልጥ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንሙላ። ከድነን፣ አጋድመን፣ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ እናስቀምጠው። ከደመነ 2 ቀን ይቆይ። ደፍራሽ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም፤ መጀመሪያ እናጥልለው።

ያነበብን ላላነበቡት እንንገር።