አምፖሉ ምን በደለ?
ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚነዳ ሹፌር ክረምት ላይ የፎገራ ዋልካ ጭቃ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ምልክት በርታ አልጠፋ ስትል ግን ብዙዎቻችን ወይ ውድ ዕቃ እንገዛለን፣ ወይ አምፖሏን እናስነቅላለን። ሁለቱንም እቃወማለሁ። ምልክቷ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም ካለች የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ሥራ ላይ ነው፤ በርታ ከቀረች ግን ፍሬኑ ቢይዝም ኩርባ ላይ መንገድ የምትስተውን መኪና የሚያርም የለም። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ የጎማውን የፍጥነት ሴንሰር የሸፈነ ጭቃ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የደከመ ባትሪ፣ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራትም አብሮ ከበራ ጥርጣሬው ወደ ጎማ ሴንሰር ያደላል። ስለዚህ አስቀድሞ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ይነበብ፤ ቀጥሎ የተጠቆመው ሴንሰር ከነሽቦው ይጽዳና ይፈተሽ፤ ግዢ መጨረሻ ይምጣ። ኮዱ አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ለምርመራ መክፈል የሚቆጨን በእጃችን የምንጨብጠው ዕቃ ስለሌለው ነው፤ በግምት የተገዛ ሴንሰር ግን ከዚያ የከፋ ኪሳራ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አምፖል ነቃዩ መካኒክ ደግሞ በሽታውን የሚደብቀው መኪናዋን ነገ ከሚገዛው ሰው ጭምር ነው።