ጋቢው ለማን ይሁን?

ከድሃናና ከጋዝጊብላ ደጋ እስከ ሰቆጣ ዙሪያ ባለው የዋግ አገር፥ ዝናሙ አልፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፥ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አጥንት ዘልቆ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው፥ ጋቢ ከስጦታዎች ሁሉ ስለ ምን እንደሚከበር ይነግሩት ዘንድ አያሻውም። ልጅ ተምሮ ወይም ነግዶ የላቡን ፍሬ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ አባትና እናቱን ጋቢ ያለብሳል፤ ሙሽራ ለአማቱ፥ ምእመን ለንስሐ አባቱ፥ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱ ጋቢ ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩም ስጦታውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፥ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፥ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ አንተንም የሚያለብስህ ልጅ አይንሳህ» እያለ ይመርቃል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። እኔ በዚህ ሳምንት ልናገርለት የወደድሁት ግን ከሱቅ መደርደሪያ ወርዶ በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ ስለሚሰጠው አይደለም፤ በቤት ተፈትሎ፥ በመንደር ሸማኔ ተሠርቶ፥ ገና ጥጡ ሲዳመጥ ጀምሮ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ታስቦ ስለሚሰጠው ጋቢ ነው፤ ለእርሱም ምስጋና ብቻ ሳይሆን አንድ ክስም አለኝ።

የዚህን ጋቢ ሥራ ርዝመት የከተማ ሰው ረስቶታል። ከቆላ የመጣው ጥጥ በመጀመሪያ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣለታል፤ ከዚያም በደጋን እየተነደፈ ይነፋፋና እንደ ማለዳ ጉም ይሳሳል፤ የተነደፈውም አመልማሎ ሆኖ እየተጠቀለለ ለእንዝርት ይዘጋጃል። ባለቤቲቱ ውሃዋን ቀድታ፥ እንጀራዋን ጋግራ፥ ልጆቿን አስተኝታ፥ ከሥራ ሁሉ የተረፈችውን ጥቂት ሰዓት ለእንዝርቷ ትሰጣለች፤ ለድር የሚሆነውን አቅጥና አክርራ፥ ለማግ የሚሆነውን ወፈርና ላላ አድርጋ ትፈትላለች፤ እሑድና የከበሩት በዓላት እንዝርት የማይነካባቸው ስለ ሆኑ፥ ለባለ አራት ድርቡ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስክታከማች ድረስ ወራት ይነጉዳሉ። ልቃቂቱ በቅርጫት ሲሞላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ እርሱም እግሮቹን ከጉድጓዱ ሰዶ፥ ድሩን ወጥሮ፥ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያመላለሰ ቀን ከቀን ይሠራዋል። ዛሬ ዛሬ ድሩን በፋብሪካ ክር የሚተካ ብዙ ነው፤ በዚህ አልፈርድም፤ የጋቢን ሙቀት የሚሰጠው በእጅ ላላ ብሎ የተፈተለው ማግ በውስጡ የሚይዘው አየርና የድርቡ መደራረብ ነውና፥ ማጉ የእጅ ፈትል እስከ ሆነ ድረስ ገላ አይታለልም።

ስለ ሙቀት ካነሣሁ ዘንድ፥ ለበግ ጠጉርም ቦታ ልስጠው። የእንስሳት ሊቃውንት ከአገራችን ባለ አጭር ላት በጎች አንዱን ወገን በሰቆጣ ስም ይጠሩታል፤ በባና ሥራ ስሙ የገነነው ግን መንዝ ነው፤ የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፥ ተነድፎና ተፈትሎ የሚሠራው ባና ሲለብሱት ቢኮሰኩስም፥ በውርጭ ሌሊት ከጥጡ የሚያንስ አይደለም።

ከገበያ የተገዛው ጋቢ ስለ ሰጪው ገንዘብ ይመሰክራል፤ በቤት የተፈተለው ግን የሰጪዋን ዕድሜ ቈርሶ የያዘ ነው፤ ሴቲቱ እንዝርቷን ባሾረች ቍጥር የምታስበው ሰው ስላለ፥ ሥራው ከእጅ ሥራነት አልፎ ወደ ጸሎት ይጠጋል ብል እንደ ድፍረት አይቈጠርብኝ። ሠዓልያነ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ያውቁ ነበርና፥ የብሥራቱን ሥዕል ሲሥሉ፥ በቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር የሚለውን ትውፊት ተከትለው፥ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ሲደርስ እመቤታችንን ፈትል በእጇ እንደ ያዘች ያሳዩናል። ከዚህም በላይ ልቤን የሚነካው በግብረ ሐዋርያት በዘጠነኛው ምዕራፍ የተጻፈው የጣቢታ ታሪክ ነው። ይህች የኢዮጴ ሴት ባረፈች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ቢመጣ፥ በዙሪያው ቆመው የሚያለቅሱት መበለቶች በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ትሩፋቷን ለመመስከር ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። አንባቢዬ ግን አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ፤ ልብሱን ይዘው የተገኙት የከተማይቱ ሹማምንት አልነበሩም፤ መበለቶቹ ነበሩ።

ክሴም ከዚህ ይነሣል። የእኛ ጋቢ ሽቅብ ይወጣል እንጂ ቍልቍል አይወርድም። ለአባት፥ ለአማት፥ ለካህን፥ ለሹም ይሰጣል፤ ስለዚህም ከአንዱ ባለጸጋ ሽማግሌ ሣጥን ሦስት አራት ጋቢ ሳይዘረጋ ተጣጥፎ ሲቀመጥ፥ ጎረቤቱ ያለች መበለት ከልጆቿ ጋር በአንዲት ያረጀች ነጠላ ታድራለች። ታርዞ ላየነው ማልበስ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ያረጀውን ለነዳይ፥ አዲሱን ለከበረ ሰው መስጠትንም ማን እንዳስተማረን አላውቅም። የሸማኔው ነገርማ ይብስ። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ቈዳ ፋቂውን የሚሳደብን ሰው በአዋጅ ገሥጸው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ እስከ እኛ ዘመን ደረሰ፤ አገሩን ሁሉ ያለበሰው ባለ ሙያ ጋቢ ተሸለመ ሲባል እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። በነሐሴ አጋማሽ የሻደይ በዓል በደረሰ ጊዜም የሰቆጣን ልጃገረዶች ጌጥ ለማየት ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ፥ ዘፈኑንና ጭፈራውን አድንቆ ይመለሳል እንጂ፥ ከነጩ ቀሚስ በስተ ኋላ ስላለችው ፈታይ እናት አይጠይቅም።

በሌላው ዓለም በእጅ የተሰፋ ልብስ የሚሰጥበትን መንገድ ስመለከት ቅናት ያድርብኛል። በቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪያቸውን ደራርበው በመርፌ ለቅመው፥ ካንታ የሚሉትን ልብስ ሠርተው የተወለደ ሕፃን ያቅፉበታል። በአሜሪካም በኤድስ የሞቱ ሰዎች ወዳጆች፥ እያንዳንዱ የአንድ መቃብር ስፋት ያህል የሆነ፥ የሟቹ ስም ያለበት የጨርቅ ቍራጭ ሰፍተው፥ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በጥቅምት ወር 1,920ውን በዋሽንግተን አደባባይ አነጠፉት፤ ቤተ ሰቦቻቸው እንኳ ሊቀብሯቸው ያፈሩባቸው ሙታን በዚያ በአደባባይ ተከበሩ። በእኛ አገር የተጣጣፈ ልብስ ድሪቶ ተብሎ ይናቃል። ባሕታውያን ግን ድሪቶን የክብር ልብሳቸው አድርገው ለብሰውታል፤ ያረጀ ጋቢ ተፈትቶ፥ ተደርቶና ተደራርቦ ለልጆች መኝታ ቢሆን የሚያሳፍረው ማንን እንደ ሆነ አይገባኝም።

የዋግ ሰው ብርድን ከረኀብ ጋር አብሮ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ክፉ ዘመን ከዋግና ከላስታ፥ ከራያም ወደ ኮረም የጐረፈው ሕዝብ ከእህል ማጣቱ በላይ የደጋው ሌሊት ስንቱን እንደ ቀጠፈው ያዩ ሁሉ የሚመሰክሩት ነው፤ ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣው ብርድ ልብስ ነፍስ አድኗልና አላቃልለውም። በቅርቡም በሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ወገኖቻችን ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተከዜን ቆላ ሙቀት የለመዱ፥ ለቆላ የሚሆን ሥሥ ልብስ ብቻ የለበሱ ሰዎች ሲሆኑ፥ ያረፉበት አገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ለእነዚህ ሰዎች ከመጋዘን ይታደል የነበረው ብርድ ልብስ በስም ዝርዝር የሚመጣ ነበር። የጎረቤት እጅ የፈተለው ጋቢ ቢጨመርበት ኖሮ ግን፥ የተሰደደው ሰው ከዕርዳታ ተቀባይነት ወጥቶ እንደ አማት፥ እንደ ክርስትና አባት የተከበረ እንግዳ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ለጽዋ ማኅበር እናቶች ነው። በየወሩ በቅዱሱ ስም ስትሰበሰቡ፥ ከድግሱ አንዱን ወጥ ቀንሳችሁ፥ እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ልቃቂት ይዛችሁ ብትመጡ፥ ዓመቱ ሲሞላ ማኅበሩ ከአንድ በላይ ጋቢ ማሠራቱ አይቀርም። ለማን እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ፈትሉ የሚጀመረው ስሙ ከታወቀ በኋላ ይሁን፤ ስሙም በማኅበሩ ውስጥ ብድር መላሽ የሌለው ሰው ስም ይሁን። የንስሐ አባቶችም «ለእኔ ያሰባችሁትን ለእገሊት አልብሱልኝ» ቢሉ ለምእመናን መንገድ ይጠርጋሉ። የዘንድሮው ብርድ ሳይገባ ጥጡ ይገዛ፤ ለሸማኔውም የድካሙን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት።