ለግድግዳ የተሠራ ማስታወቂያ ለስልክ አይሆንም

በመተማና በገንዳ ውሃ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ቀን ይቆጠራል። የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ስለ መንገዱ፣ ስለ ካላዛር በሽታና ስለ ሕክምናው መረጃ የሚፈልገው በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

ታዲያ መረጃው እንዴት ይደርሰዋል? በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ማስታወቂያው በኮምፒውተር ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያም ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የስልክ ስክሪን 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ስልክ ላይ ወደ 4 ነጥብ ይወርዳል። አንባቢው በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ ግራና ቀኝ እየጎተተ ቀኑን ይፈልጋል። ቀኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአርማው፣ ከቁጥሩና ከ«ጉዳዩ» በታች ተቀብሯል።

ወረቀት ላይ የፊደሉን መጠን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ስክሪን ላይ ግን የሚወስነው አንባቢው ነው። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ሲለቀቅ ከየስልኩ ስፋት ጋር ራሱን ያስተካክላል፣ ይፈለጋል፣ ለዓይነ ስውራን በድምፅ ሊነበብ ይችላል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ ሰውም ገልብጦ ወደ ዓረብኛ ማስተርጎም ይቀለዋል። ክብደቱም ሌላ ነው፤ የ300 ቃላት ጽሑፍ ከ10 ኪሎባይት በታች ሲሆን ፎቶው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ይሆናል። ኔትወርክ በሚደክምበት ቆላ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ፎቶ መለጠፍ ድሮ ምክንያት ነበረው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም።

«ማኅተም የሌለውን ማን ያምናል?» የሚለው መከራከሪያ ግን ውኃ ያነሣል። ሐሰተኛ ማስታወቂያ በሚናፈስበት ዘመን ማኅተም ማየት የሚፈልግ ሰው አይፈረድበትም። መፍትሔው ሁለቱንም መልቀቅ ነው። ጽሑፉ ከላይ፣ የማኅተሙ ፎቶ ከሥር። የመጀመሪያው መስመር ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ይያዝ። ውሳኔው ሲለወጥም የማሻሻያው ቀንና ሰዓት እዚያው ይጻፍ። ወረቀት አንዴ ከተለጠፈ አይታረምም፤ ይህኛው ይታረማል።

ወረቀቱም ይቅር የሚል የለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የቀረው የግድግዳው ማስታወቂያ ነው። ግድግዳው ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ፊደል ይፈልጋል፤ ስልኩም የራሱን። አንዱን ለሁለቱ ማብቃቃት የሚያድነው የጸሐፊውን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቀኑን ሳያነብ የቀረው ገበሬና ሠራተኛ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከዚያ ይበልጣል።