ደባልነቱ ይቅር

ፓይተንን ከአር ጋር ማገናኘት ለሚሻ ሁሉ የሚሰጠው ምክር «አርፓይ2ን ጫንና ተገላገል» የሚል ነው። ይህን ምክር እቃወማለሁ።

አርፓይ2 አርን ከነሁለንተናው በፓይተኑ ፕሮግራም ውስጥ ያስገባዋል። ሁለቱ አንድ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ አር ሲወድቅ ፓይተንም አብሮት ይወድቃል። ይህ ጉርብትና አይደለም፤ ደባልነት ነው።

መውደቁስ ባልከፋ፤ የወደቀ ይታያል። የሚያስፈራኝ ሳይወድቅ የሚሳሳተው ነው። አር የጎደለን ሙሉ ቁጥር በውስጡ የሚያስቀምጠው -2147483648 ብሎ ነው። ይህ ምልክት ሳይተረጎም ወደ ነምፓይ ከተሻገረ፣ ሚዛን ላይ ያልወጣው ሕመምተኛ ከዜሮ በታች ሁለት ቢሊዮን ኪሎ ይመዝናል። ይህስ ስለሚያስቅ ይያዛል። የምድብ ስሞች ተጥለው 1፣ 2፣ 3 የሚለው መለያቸው ብቻ ሲሻገር ግን የከተሞች «አማካይ» ይወጣል፤ የሚስቅም አይገኝ።

ስለዚህ ሌሊት ለሚሠራ ሥራ ተራው የሲኤስቪ ፋይል ይበቃል። የጎደለው «ኤንኤ» ተብሎ፣ ምድቡም በስሙ ተጽፎ ለዓይን ይታያል። (የናሚቢያ የአገር ምልክትም «ኤንኤ» ነውና ፓንዳስ አገሪቱን እንዳይውጣት መጠንቀቅ ነው።) ሰው መልስ ለሚጠብቅበት ሰርቨር ደግሞ አርሰርቭ አለ፤ አር ለብቻው ተቀምጦ በፖርት 6311 ጥያቄ ይቀበላል፤ ቢወድቅም የሚወድቀው ለብቻው ነው።

«ዳታ ማመላለሱ ጊዜ ይፈጃል» ይሉኛል። አምስት ደቂቃ ለሚፈጅ ስሌት የሁለት ሰከንድ መንገድ ማን ይቆጥራል? በገዛ ላፕቶፑ ብቻውን የሚሞክር ተማሪ አርፓይ2ን ይጠቀም፤ አልከለክለውም።