ስለ ነቀርሳ በሽታ በሐረር፤ ሕመምተኛን መቍጠርና በጊዜ መመርመር

ሹም የአገሩን ሕዝብ ቍጥር ሳያውቅ ሥራውን ሊያቀና አይችልም፤ የደብር አለቃም ካህናቱን ሳይቈጥር ለበዓል ድግስ አያዝዝም። የበሽታም ነገር እንደዚሁ ነው። ስንት ሰው እንደ ያዘ፥ በየትኛው ሰፈርና በየትኛው ዕድሜ እንደ በረታ ላልታወቀ በሽታ ሐኪሙም መድኃኒቱም የሚመደበው በግምት ነው።

ይህን መጻፋችን ካንሰር ስለሚባለው፥ በእኛ ቋንቋ ነቀርሳ ስለምንለው በሽታ ነው። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በነቀርሳ እንደ ታመሙ፥ ከ51 ሺህ የሚበልጡም እንደ ሞቱ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ገምቷል። ከሴቶች ዘንድ የጡት ነቀርሳ አንደኛ፥ የማኅፀን በር ነቀርሳ ሁለተኛ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ግን «ገምቷል» የሚለው ቃል ነው። ለዚህ ግምት ዋና መሠረት የሆነው በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ነው። እንግዲህ የሐረር እናት ሕመም በአዲስ አበባ እናት ሕመም ተመዝኖ ይነገራል ማለት ነው። ነገር ግን የሐረር ሰው ምግቡ፥ የአየሩ ጠባይ፥ የጫት ልማዱም ከአዲስ አበባ ሰው የተለየ ስለ ሆነ፥ የአንዱን ቍጥር ለሌላው መስጠት አይበቃም።

ሐረር ለዚህ ሥራ ባዶ እጅዋን አይደለችም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ2007 በቀርሳ ወረዳ፥ በ2012 ደግሞ በሐረር ከተማ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን የሚጽፉ ሠራተኞችን አቁሟል፤ ሰው በቤቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት ቤተ ሰቡን ይጠይቃሉ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታልም የምሥራቁን ክፍል ሕመምተኞች ይቀበላል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ያውቃል፤ ቤት ለቤት የሚዞረው ጸሐፊ ቤተ ሰቡን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲገናኙ፥ ከሆስፒታል ሳይደርስ የሞተው ሰው እንኳ ሳይቈጠር አይቀርም። ስለዚህ ቤተ ሰብ ስሙን ላለመጥራት «ክፉ በሽታ» ብሎ ማለፉን ሊተው ይገባል፤ የተሸሸገ ስም ለሟቹ ክብር ሳይሆን ለቀሪዎቹ ጉዳት ነው።

መቍጠር ብቻውን ግን አያድንም። የማኅፀን በር ነቀርሳ ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ የሚነሣና ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቀስ እያለ የሚያድግ በመሆኑ፥ ቀድሞ ለሚፈልገው ሰው ጊዜ ይሰጣል። ምርመራውም ከባድ አይደለም። የሠለጠነች ነርስ የማኅፀኑን በር የሆምጣጤ ጠባይ ባለው ፈሳሽ ስትቀባው የታመመው ስፍራ ይነጣል፤ የነጣውም በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ይህም በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ሴቶች ታዝዟል። ለልጃገረዶችም ክትባቱ በአገራችን ከ2018 ጀምሮ ይሰጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ ልጃገረዶች 90 እንዲከተቡ፥ ከመቶ ሴቶች 70 እንዲመረመሩ፥ በሽታው ከተገኘባቸውም ከመቶ 90 እንዲታከሙ አሳስቧል። ሐረር ከዚህ ምን ያህል እንደ ቀረበች የሚመሰክርላት ያው መዝገብ ነው።

ችግሩ ግን ሕመም ያልተሰማት ሴት «ምን ሆንሁና ልመርመር?» ማለቷ ነው። ደምና ሥቃይ በመጣ ጊዜ ብትሄድ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ ምክሩ የምታምነው ሰው ካለበት ሊመጣላት ይገባል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ሴቶች ለሰርግና ለኀዘን የሚሰበሰቡበት አፎቻ አለ፤ ከግንቡ ውጭም ዕድርና ማኅበር አለ። ለቀባሪ የሚሰበሰቡ እናቶች ቀባሪ እንዳያስፈልግ ቢመካከሩ ምን ይከለክላቸዋል?

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ስለ ማክበር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበል የምትጠመቅ እናት ምርመራውን እንዳትተው የንስሐ አባቷ ቢመክራት፥ ቃሉ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። የመስጊዶቹ ሊቃውንትም ለምእመናኖቻቸው እንዲሁ ቢያደርጉ ከተማይቱ ሁሉ ትሰማለች።

ሹማምንትም መዝገቡን እንደ ግምጃ ቤት ሒሳብ አጥብቀው እንዲጠብቁት እናሳስባለን። የጠፋ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ በጊዜ ያልተመረመረች እናት ግን አትተካም።